ከስልሳ ዓመት በኋላ ብቻን ተነስቶ በቡድን ሳይክል መንዳት፦ የትኛው ጉዞ ለማን ይሆናል?

ጡረታ ወጥታችኋል እንበል። ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው። ባለቤት ወይ በሕይወት የለም፣ ወይ አለና ሳይክል ሲባል ገና ወገቡን ያመዋል። እናንተ ግን አንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ሳይክል እየነዳችሁ፣ ማታ ከሰው ጋር እየተጨዋወታችሁ፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው እየመራችሁ መዞር አምሯችኋል። ለብቻ መሄድ ያስፈራል። ከማያውቁት ሰው ጋር መሄድም ትንሽ ያሳቅቃል።

ባሕር ዳር ላይ ሆኖ ለሚያስብ ሰው ምርጫው ብዙ ነው። ባሕር ዳር እያደሩ በየቀኑ ወጥቶ መመለስ አለ። ከከተማ ከተማ እየተሻገሩ በየቀኑ ሌላ አልጋ ላይ ማደር አለ። ሳይክልና ጀልባ የተቀላቀለበት አለ። ገንዘቡ ካለና ቪዛው ከተገኘ ደግሞ ውጭ ሀገር ሄዶ የተደራጀ ቡድን መቀላቀል አለ። በፎቶ ሁሉም ያምራሉ። እኔ የምለካቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ከሁሉም ኋላ የቀረው ሰው ምን ይሆናል?

ጥያቄውን አቅልላችሁ አትዩት። ወጣት ኋላ ቢቀር ትንሽ አርፎ ይደርሳል፣ ይስቁበታል፣ ያልፋል። በእኛ ዕድሜ ግን ከጉልበቱ በላይ የሚያስቸግረው ይሉኝታው ነው። ሰው ቆሞ ሲጠብቀን እናፍራለን። ስለዚህ ውኃ ሳንጠጣ፣ ሳናርፍ፣ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» እያልን እንነዳለን። መውደቅም ራስ መሳትም የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። በማኅበር ወደ ገዳም የተጓዘ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ እዚያ አውቶቡሱ አንድ እናት ቢቀሩ አይነሳም፣ ማንም ሰዓቱን አያይም። የሳይክል ቡድንም እንደዚያ ካልሆነ ለብቸኛ ተጓዥ አይሆንም።

ባሕር ዳር እያደሩ መውጣት

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይሄን ነው፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ።

ከተማው ሜዳ ነው። ድሮም በሳይክል የታወቀው በዚሁ ነው፤ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ዳቦ አመላላሹ ሁሉ በሳይክል ነው የኖረው። ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው አየሩ ይቀለዋል፣ ሙቀቱ ግን ይከብደዋል። ባሕር ጠለል አካባቢ ካለ ከተማ ከውጭ የምትመጡ ደግሞ መጀመሪያ አካባቢ ዳገት ላይ ትንፋሽ ሊያጥራችሁ ይችላል፣ ስለዚህ በደረሳችሁበት ቀን አትንዱ።

የመጀመሪያው ቀን ከተማው ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። በዘንባባዎቹ ሥር በሐይቁ ዳር ሄዶ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ መሻገር ይቻላል። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው፣ ሰፊ ነው፣ ቆም ብሎ ወንዙን ለማየት ይመቻል። ከዚያ ወደ ቤዛዊት። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው፣ ከላይ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጠማዘዝ ይታያል። ዳገቱ አጭር ቢሆንም ጉልበት ይፈትናል። ውረዱና ሳይክሉን እየገፋችሁ ውጡ። አስጎብኚው ራሱ ቀድሞ ወርዶ የሚገፋ ከሆነ ቡድኑ ለእናንተ የተሠራ ነው። ከላይ ሆኖ «በርቱ! በርቱ!» እያለ የሚያጨበጭብ ከሆነ ግን እኔ እንጃ።

ቀጥሎ ጢስ ዓባይ ነው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እዚህ ላይ የቡድኖቹ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። አንዳንዱ ደርሶ መልስ ያስነዳል፣ በፀሐይ ስልሳ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ሌላው መሄጃውን በሳይክል፣ መመለሻውን በመኪና ያደርገዋል። ሁለተኛውን ምረጡ። ምክንያቱም እዚያ ደርሳችሁም የእግር ጉዞ አለ፦ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለውን የ17ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ ድንጋያማ አቀበት መውጣት አለባችሁ። እግራችሁን መንገድ ላይ ጨርሳችሁ ከደረሳችሁ ፏፏቴውን የምታዩት በምሬት ነው። ወሩንም አስቡበት። ከፏፏቴው በላይ ውኃውን የሚጠልፉ ማመንጫዎች አሉ፣ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስም ከሐይቁ በቀጥታ ይወስዳል። በበጋ ሄዶ ቀጭን ጅረት አይቶ የተመለሰ ብዙ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ግን ስሙ እውነት ነው፣ ይጤሳል።

የዚህ ምርጫ ትልቁ ጥቅም ግን ቦታዎቹ አይደሉም። አንድ ቀን «ዛሬ አልወጣም» ማለት መቻላችሁ ነው። ሻንጣችሁ ያው ክፍል ውስጥ ነው። ቡድኑ ወጥቶ እስኪመለስ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብላችሁ ቡና ትጠጣላችሁ፣ ማታ ራት ላይ ትቀላቀላላችሁ። ማንም አልጠበቃችሁም፣ ማንንም አላስቸገራችሁም። ደግሞ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም ሆስፒታሎች እዚሁ ከተማ ናቸው። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታ ቅርብ ነው።

ጉድለት የለውም አልልም። ከከተማ መውጫው በየቀኑ ያው ነው፣ ባጃጁም ያው ነው። ሁለት ሦስት ቀን ከሄደ በኋላ «እዚህ ጋ ትናንትም አልፈናል» የሚል ሰው አይጠፋም። ጉዞ ማለት ርቆ መሄድ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይሰለቸዋል።

ከከተማ ከተማ እየተሻገሩ

ይሄ ብዙዎች የሚያልሙት ነው። ከባሕር ዳር ወረታ፣ ከወረታ አዲስ ዘመን፣ ከዚያ ጎንደር። መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ክፍል የፎገራ ሜዳ ነው፣ ሩዙ ግራ ቀኝ አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ሰው ሳያስበው ይፈጥናል። ከአዲስ ዘመን በኋላ ግን ኮረብታው ይጀምራል፣ ጎንደር ራሷ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ማለትም ጉልበታችሁ ባለቀበት ቀን ነው ዳገቱ የሚጠብቃችሁ።

እዚህ ላይ ኋላ ለቀረው ሰው ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው፦ ተከታይ መኪና። ሁሉም አዘጋጅ «መኪና አለን» ይላችኋል። እናንተ የምትጠይቁት ግን «መኪናው ውስጥ ስንት ባዶ ወንበር አለ?» ብላችሁ ነው። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ያ መኪና የአሥር ሰው ሻንጣ፣ የውኃ ካርቶን፣ ትርፍ ጎማና የአብሳዩ ዕቃ ተጭኖበት ሾፌሩ ራሱ በግድ ነው የሚቀመጠው። ሰው የደከመ ዕለት ወይ ሻንጣ ላይ ይወጣል፣ ወይ መንገድ ዳር ቆሞ አይሱዙ ይለምናል። ለስምንት ሰው ቡድን ቢያንስ ሁለት ባዶ ወንበርና ሳይክል የሚጫንበት ቦታ ከሌለ ይለፋችሁ።

ሌላው የጸጥታው ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለውን ግጭት ሁላችንም እናውቀዋለን። መንገድ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ባሕር ዳር ያደረ ሰው መንገድ ከተዘጋ ሆቴሉ ይቀመጣል። መሀል መንገድ ላይ ያለ ቡድን ግን የት ይገባል? ከውጭ ለምትመጡ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ብዙዎቹ የጉዞ ኢንሹራንሶች የምትኖሩበት ሀገር መንግሥት «አትሂዱ» ያለው ቦታ ላይ ለደረሰ ጉዳት አይከፍሉም። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ውሉን አንብቡት፣ በቃል ብቻ «ምንም አይልም» የሚላችሁን አትስሙ። እኔ ለጊዜው ይሄን ጉዞ ለማንም አዛውንት አልመክርም። መንገዱ ሲረጋጋ ግን ፎገራን በሳይክል አለማቋረጥ ያስቆጫል።

ሳይክልና ጀልባ

ዘጌ ለዚህ የተፈጠረ ነው። በየብስ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ ዋናውን አስፋልት ከለቀቃችሁ በኋላ ጥርጊያ መንገድ ነው። በሳይክል ሄዳችሁ፣ የቡናውን ጫካ አቋርጣችሁ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልማችሁ፣ ሥዕሎቹን አይታችሁ፣ ሳይክሉ ጀልባ ላይ ተጭኖ በሐይቅ ትመለሳላችሁ። የአንድ ቀን ጉዞ ሆኖ ሩቅ የሄዱ የሚያስመስል ሌላ የለም።

በዚህ መንገድ ያየሁትን አንድ አስጎብኚ ሁሌም አነሳዋለሁ። ቡድኑ ውስጥ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ፣ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው የሚነዱ። አሸዋው ላይ ደከማቸው። ፊታቸው ቀላ፣ ግን አይናገሩም። አስጎብኚው ልጅ ከኋላቸው ነበር። ድንገት ወረደና «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ካቴናዬ ወለቀብኝ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ» አለ። ከዚያ ሳይክሉን ገልብጦ፣ ካቴናውን በእንጨት ጫፍ እያነሳ እየመለሰ፣ ረጅም ጊዜ ወሰደ። እሳቸው ዛፍ ሥር ቆመው ውኃ ጠጡ፣ ነጠላቸውን ፈትተው ላባቸውን ጠረጉ፣ ልጁንም «አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ሥራ» አሉት። ካቴናው ምንም አልሆነም ነበር። አጠገቡ ስለነበርኩ ጣቱ ሲያወልቀው አይቻለሁ።

እንዲህ ያለ ሰው ከኋላ ያለበት ቡድን ከተገኘ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ስለዚህ ስትጠይቁ «ስንት አስጎብኚ አለ?» ብቻ አትበሉ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ነው ወይ? ከኋላ የሚሄደውስ የመንገዱን ነገር የሚያውቅ ነው ወይስ ትናንት የተቀጠረ ልጅ?

ወደ ጀልባው ልመለስ። ጣና ጠዋት መስተዋት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሌላ ሐይቅ ይሆናል። መመለሻው በጀልባ ከሆነ በጊዜ መነሳት አለበት፣ አሥር ሰዓት ላይ «ቡናውን ጠጥተን እንነሳ» የሚል መሪ ካለ ተቆጡ። የሕይወት አድን ጃኬት በጀልባው ላይ መኖሩን ሳይሆን ለሁሉም ሰው መድረሱን ቁጠሩ። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ደግሞ ከባዱ ከመሬት ወደ ጀልባ የምትረግጡባት አንዲት እርምጃ ናት። እጅ የሚሰጥ ሰው ይኑር። ሐይቁ ውስጥ እግር መንከርም ይቅርባችሁ፣ ብልሃርዚያ አለ።

የሴትና የወንድ ነገርም አለ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ብቻቸውን ከሚመጡት ብዙዎቹ ሴቶች ሲሆኑ ፕሮግራሙ ክብራንን ካካተተ ግማሹ ቡድን ጀልባ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል ማለት ነው። አንዳንዱ አዘጋጅ ይሄን ቀድሞ አይናገርም። የዘጌ ገዳማት ለሁሉም ክፍት ናቸው። ለክብራን ጊዜ ከተመደበ ደግሞ ሴቶቹን አጠገቡ ወዳለው እንጦስ ኢየሱስ የሚወስድ ፕሮግራም ይኑር፣ እዚያ ሴቶችም ይገባሉ።

ውጭ ሀገር መሄድ

አቅሙ ላላችሁ፣ ወይም ልጆች «እኛ እንከፍላለን» ላሏችሁ። በጣም የታወቀው የዳኑብ ወንዝን ተከትሎ ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ኦስትሪያዋ ቪየና የሚወስደው ነው። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም ሜዳ ነው፣ አብዛኛው የሳይክል ብቻ መንገድ ነው፣ መኪና አይጋፋችሁም። መርከብ ላይ እያደሩ ቀን ቀን ሳይክል የሚነዱበትም አለ፤ እዚያም ሻንጣ አይነሳም፣ የደከመው ሰው መርከቡ ላይ ይቀራል። ከባሕር ዳሩ አድሮ መውጣት ጋር በጠባዩ አንድ ነው።

ማታለያው እዚህ ጋ ነው። በርካሽ የሚሸጡት አብዛኞቹ አስጎብኚ የላቸውም። ሻንጣችሁን ከሆቴል ሆቴል ያደርሱላችኋል፣ ካርታ ይሰጧችኋል፣ መንገዱን የምትነዱት ግን ብቻችሁን ነው። ብቸኝነትን ሽሽት በአውሮፕላን ሄዶ ብቻ መንዳት ምን ይባላል? አስጎብኚ ከእናንተ ጋር ይነዳል ወይ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ሌላው የክፍል ዋጋ ነው። እዚያ ዋጋ የሚነገረው ሁለት ሰው አንድ ክፍል ይተኛል በሚል ሒሳብ ነው። ብቻውን የሚተኛ ሰው ተጨማሪ ይከፍላል፣ ጭማሪውም ቀላል አይደለም። አንዳንዶቹ ከሌላ ብቸኛ ተጓዥ ጋር ያጣምሯችኋል፤ የሚያንኮራፋ ከደረሳችሁ ግን የእናንተ ዕዳ ነው። በእኛ ሀገር ሆቴሉ የሚያከራየው በአብዛኛው ክፍሉን ስለሆነ ይሄ ጣጣ ይቀንሳል፣ ቢሆንም የጥቅሉ ዋጋ «ለአንድ ሰው» ሲባል በአንድ ክፍል ነው ወይስ በጋራ ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

ከኢትዮጵያ ለምትሄዱ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል፤ ለእሱም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ቀጠሮው ራሱ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል የጉዞውን ሙሉ ክፍያ ቪዛ ሳይወጣ አትክፈሉ። ቪዛው ለታከታችሁ ሩዋንዳ አለች፣ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቀድሞ ቪዛ ማውጣት አይጠይቅም፣ በኪቩ ሐይቅ ዳር 227 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የታወቀ መንገድም አላት። ግን «ሐይቅ ዳር» ሲባል ባሕር ዳርን አታስቡ። ዳገት ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ እንደገና ዳገት ነው።

የራት ጠረጴዛውንም አስቡት። ቀኑን ሙሉ አብሮ የነዳ ሰው ማታ መጫወት ይፈልጋል። በእንግሊዝኛ ቀልድ መቀለድ የሚያደክማችሁ ከሆነ ሳምንቱ ይረዝማል።

በባትሪ ወይስ በእግር?

ባትሪ የሚያግዘው ሳይክል ለእኛ ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው። ደካማውንና ጠንካራውን አብሮ ያስነዳል፣ ኋላ የመቅረት ነገር ግማሹ እዚያ ላይ ያልቃል። አውሮፓ ውስጥ ሞተሩ 250 ዋት ሆኖ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ማገዙን እንዲያቆም ሕጉ ያዛል፣ ስለዚህ ይዞ አይበርም። ክብደቱ ግን ያስቸግራል፣ ሲወድቅ ለማንሳት ሰው ይፈልጋል። ከውጭ ይዤ እመጣለሁ የምትሉ ደግሞ ተዉት። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም፣ የሳይክሎቹ ባትሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዚያ ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው። እዚህ የሚያከራይ ቡድን ካገኛችሁ መብራት በጠፋ ቀን በምን ቻርጅ እንደሚያደርግ ጠይቁ።

ተራውን ሳይክል ከመረጣችሁ ከኮርቻው ጀምሩ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ትንሽ ብቻ መታጠፍ አለበት፤ ብዙ ከታጠፈ ማታ ጉልበት ያብጣል። መሀሉ ዝቅ ያለ፣ እግር ሳያነሱ የሚገባበት ሳይክል ጠይቁ፣ «የሴት ሳይክል ነው» ብሎ የሚያፍር ወንድ ዳሌውን ይጠይቀው። ሁለቱንም ፍሬን በእጃችሁ ሞክሩ። ሄልሜት ግዴታ ነው፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለምትወስዱ፤ ለሌላው ሰው ቀላል የሆነ የራስ ምት ለእናንተ ቀላል አይደለም።

ጾሙን ማን ያስበው?

ይሄን የውጭ ሰው የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ፈጽሞ አያስበውም፣ የሀገር ውስጡም አንዳንዴ ይረሳዋል። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ረጅሙ መንገድ በእነዚያ ቀናት መዋል የለበትም። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ በዚያ ላይ የሚውለው የየካቲትና የመጋቢት ሙቀት ነው፤ በባዶ ሆድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ለስኳር ሕመምተኛ ቀልድ አይደለም። ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ደግሞ ለራት ተዉት፣ ባሕር ዳር ላይ አያልቅም።

ከወራቱ እኔ የምወደው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው። ዝናቡ አቁሟል፣ ጭቃው ደርቋል፣ ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነው። ወባ ግን ከዝናቡ በኋላ ነው የሚበረታው፣ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ። ጥምቀት ሰሞን አልጋ ስለሚወደድ ቀድማችሁ ያዙ።

ቀብድ ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ነገር እንዲጻፍ አድርጉ፦ መንገድ በጸጥታ ምክንያት ቢዘጋ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል፣ እናንተ ታማችሁ ብትቀሩስ ምን ያህሉ ይመለሳል። ስንት ሰው እንደተመዘገበም ጠይቁ። «ቡድን» ተብሎ ተሽጦ በዕለቱ ሁለት ሰው ብቻ የሚገኝበት ጊዜ አለ፣ ያን ጊዜ ዋጋው ይጨምራል ወይስ ጉዞው ይሰረዛል የሚለውም ቀድሞ ይታወቅ። የሚነዱት ሰዎች ዕድሜ ስንት ስንት እንደሆነ ለመጠየቅም አትፈሩ። ሃያ አምስት ዓመት ወጣቶች መሀል ብቻችሁን የምትገቡ ከሆነ ለሚቀጥለው ወር ቡድን ስልካችሁን ትታችሁ ውጡ።